ጠባሳ ያላት ፍሬ

እኔ ጠራጊ ነኝ።
አንደኛ ክፍል ሲለቀቅ፣ ደወሉ ዝም ሲል፣
የልጅ እጅ የነካው ሁሉ ወደ መጥረጊያዬ ይሰበሰባል፦
የሮቃ ዘር ከአግዳሚው ሥር፣ የደረቀ ሙጫ፣ የወረቀት ቅንጥብጣቢ፣
የጭቃ በግ፣ በሦስት እግሩ ቆሞ ስለ አራተኛው አሳቢ።

ሲስተር ፍሎሬታ በአፍ ብቻ አታስተምርም፤
«እጅ ያልነካውን ጭንቅላት አይዝም» ትላለች።
ሩዝ በትሪ ዘርግታ ፊደል በጣት ታስጽፋለች፣
መደመርን በመቁጠሪያ ታስቆጥራለች፤
ስሙስ ራሱ መቁጠሪያ አይደል?
ዐሥር ጸሎተ ማርያም፣ አንድ አባታችን ሆይ።
«ታዲያ ዐሥራ አንድ አይሆንም ወይ?»
ትላለች አንሊያ ከጥግ፤
ክፍሉ ይስቃል፣ እኔም ከበሩ ወዲያ፣ በመጥረጊያዬ ተደግፌ።

ዝናቡ በገባ ሰሞን፣ ባሕሩ ጀልባ አልቀበልም ሲል፣
የኬረላ አባቶች ቤት ውለው መረብ ሲጠግኑ፣
ሠላሳ አንድ ልጆች ሠላሳ አንድ የኮኮናት ቅል ይዘው መጡ፤
እርጥብ ጥጥ፣ አንዳንድ አደንጓሬ፣ በየቅሉ ላይ ስም ተጻፈበት።
ቀኑም የቶማስ ሆነ፤ በእኛ ዳርቻ በጀልባ ወረደ የሚባልለት፣
ካልዳሰስሁ አላምንም ያለው።
ሲስተር በጣቷ መዳፏን ወጋ አድርጋ አሳየችበት፤
ሁሉም የጎረቤቱን መዳፍ ወጋ፤ ሳቅ፣ ግፊያ፣ ጩኸት።

ጆሜል ግን አልሳቀም።
እናቱ ኩዌት ነርስ ናት፤ እሑድ እሑድ በስልክ ትስቅለታለች፤
ጉንጯን ሊነካ ጣቱን ሲሰድ መስታወት ትሆንበታለች።

በማግሥቱ ጥጡን ገልጦ ፍሬውን አወጣት፤
ዳሰሳት፣ በጥፍሩ ቧጠጣት፣ መልሶ አስተኛት።
በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛውም።
የሌሎቹ ጭራ አወጡ፣ አንገታቸውን ቀና አደረጉ፤
የእሱ እንደተኛች።
«ተዋት የኔ ልጅ፣ ጨለማዋን አትቀማት» አለችው ሲስተር፤
«ቶማስም ነክቷል» አላት።
ጠመኔዋን አገላብጣ አየች። መልስ አልተጻፈባትም።

ዐርብ ማታ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።
ያበጠች፣ የሸተተች ፍሬውን በመስኮት ወረወርኋት፤
ሲስተር ለክፉ ቀን ካበቀለቻቸው አንዷን አምጥቼ በስሙ ሥር ተከልኋት።
ደግ ሠራሁ ብዬ፣ መብራት አጥፍቼ፣
ዝናቡን እንደ ሻሽ ጣል አድርጌ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ፦ ሁለት ቅጠል፣ ቀጥ ያለ አንገት።
ክፍሉ አጨበጨበ። እሱ ጣቱን ሰደደ፣ ከሥሯ ዳበሰ፣
ፊቱ እንደ ሰኔ ሰማይ ጠቆረ።
«ይቺ የኔ አይደለችም» አለ፤ «የኔ ጠባሳ አላት።»

ወለሉን ልጠርግ ጎንበስ አልሁ፤ የተጠረገ ወለል ነበር።
ሐዋርያውስ የፈለገው ምልክቱን እንጂ
ውበቱን መች ነበር?

በዕረፍት ሰዓት ጠራሁት፤ ምንም ሳላስተባብል ነገርሁት።
አልተቆጣም። «የት ጋ?» አለኝ ብቻ። መስኮቱን አሳየሁት።
ከመስኮቱ ሥር ጭቃ፣ ከጣራው የሚወርድ ውኃ፣ የተቀደደ የሙዝ ቅጠል።
ጫማውን አወለቀ፤ እኔም ሳሪዬን ሰብስቤ ተንበረከክሁ፤
ሃያ ዓመት ቆሻሻ ሲገፋ የኖረ እጄ
ያን ዕለት ገና መፈለግ ጀመረ፣
ጭቃውን በጣት እያነበበ፣ እንደ ልጆቹ ሩዝ እየቆጠረ።
ጠጠር አገኘን። አንድ የሸሚዝ ቁልፍ።
ግማሹ የሟሟ የበግ እግር፤ ጆሜል ኪሱ ከተተው፣ ሳይጠይቀኝ።

ፍሬዋን ገና አላገኘናትም።
የዕረፍቱ ሰዓት አልፏል፤
ሲስተር ፍሎሬታ ከደወሉ አጠገብ ቆማለች፣
ገመዱን በእጇ ይዛ፣ እኛን እያየች፤
አልሳበችውም።